የጠጅቱ አጥርና የሁዳዴው ጅብ

ጊዜው የሁዳዴ ጾም እኩሌታ ላይ ነበር። የመጋቢት ካፊያ መሬቱን ለስለስ አድርጎት፣ ጠዋት ጠዋት ከጮቄ በኩል የሚመጣው ብርድ ጆሮ የሚቆርጥበት ሰሞን ነው። እናንተ ያኔ ትዳር አልያዛችሁም፤ ግማሾቻችሁም ይህ ሰፈር መኖሩን አታውቁም። ከደብረ ማርቆስ ጫፍ፣ ወደ አማኑኤል ከሚያወጣው መንገድ በስተግራ፣ ገሚሱ ጅምር ቤት፣ ገሚሱ የጤፍ ማሳ ነበር። ለጅብ አደን አብረውኝ ከወጡት አንዱ አዳሙ ነው፤ ባጃጅ ነጂው፣ አፉ ከባጃጁ ጥሩምባ የማያንሰው። ሌላው ስማቸው ነው፤ በአህያ አሸዋና ድንጋይ እያመላለሰ ልጆቹን የሚያሳድር፣ ዝምተኛ፣ አንድ ነገር ከያዘ ደግሞ ሞቶ የማይለቅ። ሦስተኛዋ ሴት ናት። ነገሩ ሁሉ የተነሣውም በእሷ ነው።

ጠጅቱን ታውቋታላችሁ። ባሏ ሲሞት ሙያውን ይዛ ቀረች። ቆዳ ታለፋለች፣ አገልግል ትለብጣለች፣ ጠፍር ታወጣለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ሄዳ ትሸጣለች። ሰው እቃዋን ይገዛል፤ ቤቷ ገብቶ እህል የሚቀምስ ግን እምብዛም አልነበረም። ለምን እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ አታስለፍልፉኝ።

ጅብ ከዱሮም አልጠፋም። በፍስኩ ጊዜ የልኳንዳውን አጥንት እየለቀመ ውልቅ ይላል፤ ማንንም አይነካም። ሁዳዴ ሲገባ ግን ልኳንዳው ይዘጋል፣ አጥንት የሚጥል አይኖርም፤ ጅቡም ሳይወድ በግዱ ይጾማል። መጾሙን ግን እንደ እኛ አይችልበትም። በዚያ ዓመት መጀመሪያ በግ ጠፋ፣ ቀጥሎ ውሻ። ከዚያ የስማቸው አህያ። ስማቸው ጩኸቷን ሰምቶ ሲወጣ ጅቡ ጥሏት ሆዷን ቀዶታል። በያዘው ሽመል የኋላ እግሩን መታው። ጅቡ እያነከሰ ሄደ።

በማግስቱ ጠጅቱ እያነከሰች ከቤቷ ወጣች።

የራሰ ቆዳ ከጉድጓድ ስታወጣ አዳልጧት ነው። ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ተናግራለች። ግን ዱካው ከአህያዋ ሬሳ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ እስከ ጠጅቱ አጥር ይሄዳል፤ እዚያ ይጠፋል። በቃ! ሌላ ማስረጃ ማን ይፈልጋል? ጅብ ሆና የምትወጣው እሷ ናት ተባለ። እስከ ረፋድ ድረስ ያልሰማ ሰው አልነበረም። እሑድ እድሩ ተሰብስቦ ስሟን ሊሰርዝ ተቆረጠ። ከእድር የወጣ ሰው ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። እሳት የሚያጭረው የለም፤ ሲሞት የሚቀብረው የለም። ቤትሽን ሽጠሽ ጥፊ ማለት ነው።

ሐሙስ ዕለት እኔ ቤት መጣች። ከደጅ ቆመች እንጂ አልገባችም።

«አያ ፈንታ፣ ዱካ ያውቃሉ ይባላል» አለችኝ። «ይሂዱና ይዩልኝ። የኔ እግር ከሆነ ጓዜን ጠቅልዬ እወጣለሁ።»

እንዲህ ስትል አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። አንጀቴን በላችው። በጉብዝናዬ ዓባይ በረሃ ወርጄ ከርከሮም ድኩላም አድኛለሁ፤ በረት የለመደ ነብርም ተከትያለሁ። የሰው ስም ለማዳን ግን ዱካ አይቼ አላውቅም ነበር።

ሄጄ አየሁ። የፊቱ መዳፍ ሰፊ ነው፣ የኋላው ጠበብ ያለ፤ ጥፍሮቹ ጭቃውን ወግተውታል። የቀኝ የኋላ እግሩ አይነሣም፤ ጭቃውን እየሰነጠቀ ይጎተታል። ከጎኑ ደግሞ ቀጭን መስመር አለ፣ ሽቦ የተጎተተበት ይመስላል። ትናንት የተመታ እንስሳ እንዲህ አይሄድም፤ ይህ የቆየ ቁስል ነው። መንጋውን ተከትሎ መሮጥ ያቃተው፣ ለብቻው ሰፈር ለሰፈር የሚለቅም ጅብ ነው። አጥሯን ቧጦታል። ከአጥሩ ወዲያ ቆዳ የሚርስበት ጉድጓድ አለ፤ በዚያ ጾም በሰፈሩ ውስጥ ሥጋ ሥጋ የሚሸተው ቦታ እሱ ብቻ ነበር። የመመለሻው ዱካ የጠፋውም ጅቡ ወደ ጠጠሩ መንገድ ስለገባ ነው። ጠጠሩ ሲያልቅ ዱካው እንደገና ይታያል፤ ከሰፈሩ በታች ድንጋይ ሲወጣበት ኖሮ ወደ ተተወው ካባ ይወርዳል። በካባው አፍ ላይ እንደ ኖራ የነጣ ፋንድያ ተከምሯል፤ አጥንት የሚበላ ጅብ ፋንድያ ነው።

ይህን ሁሉ ለሰው ነገርኩ። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። «አያ ፈንታ ለሷ አዝነው ነው» የሚለኝ ባሰ። ስማቸውን ለብቻው ያዝኩት። አህያዋ መተዳደሪያው ነበረች፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«ጅቡን በቀን ብርሃን ካየሁ፣ እሷም እዚያው ቆማ ካየሁ፣ ያኔ አምናለሁ» አለኝ።

እንግዲህ ሥራዬ ይኸው ሆነ። ጅቡን መግደል ብቻ አይደለም፤ ጠጅቱ ባለችበት፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ሰው እያየ ማስወጣት። ያውም ከእሑድ በፊት።

ጠመንጃ አለኝ፣ ፈቃድም አለው። ሰፈር ውስጥ መተኮስ ግን ክልክል ነው፤ ልክም ነው። ቤቱ ሁሉ ጭቃና ቆርቆሮ ነው፤ ጅብ የሳተ ጥይት የማንን ሕፃን እንደሚያገኝ ማን ያውቃል? ካባውም ከቤቶቹ ሥር ነው። አዳሙ መርዝ እናስቀምጥለት ቢለኝ ጮኽኩበት። መርዝ ጅቡን ብቻ መርጦ አይገድልም፤ ውሻውን ይጨርሳል፣ ጥንብ አንሣውን ይጨርሳል፣ ዝናብ ሲመጣ ወንዝ ይገባል። ደግሞ በመርዝ የሞተ ጅብ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ ማንም አያየውም። ለጠጅቱ ምን ይጠቅማታል?

ስለዚህ በአሮጌው መንገድ ሄድን። እኔ የአባቴን ጦር ያዝኩ። ጠጅቱ ከበሬ ቆዳ ወፍራም ጠፍር አውጥታ፣ ቅባት አጠጥታ ሰጠችኝ፤ ማነቆ ሠራሁበት። ግራ ክንዴን ከእጅ አንጓዬ እስከ ክርኔ በጆንያ ደራርቤ ጠቀለልኩ። አዳሙ የሚቀጠቅጠው ቆርቆሮ ያዘ፣ ስማቸው መጥረቢያ። ጅቡን በጭስ ለማስወጣት ኩበትና በርበሬ አዘጋጀን። ጭሱ እምቢ ካለም በቆዳ ሽታ እናባብለዋለን ብዬ ጠጅቱን የራሰ ጥሬ ቆዳ አስይዤ ካባው አፋፍ ላይ አቆምኳት። ስማቸው ደግሞ ከእሷ ጥቂት ራቅ ብሎ ቆመ። ወሬው ተሰምቶ የሰፈሩ ሰው ከማሳው ዳር ተኮልኩሏል። ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ፀሐይዋ ወጥታለች።

በካባው ውስጥ ጅቡ የሚያድርበት ጉድጓድ ሁለት አፍ አለው። ነፋሱ ከጮቄ በኩል ስለሚመጣ ጭሱን በላይኛው አፍ አኖርን፤ ነፋሱ ራሱ ወደ ውስጥ ይነዳልናል። እኔ ማነቆዬን ዘርግቼ በታችኛው አፍ ተንበረከክሁ። አዳሙ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጥ ጀመር። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ከውስጥ ጠጠር ሲንኮታኮት ሰማሁ። ጅብ በቀን አያጉረመርምም የሚላችሁን አትመኑ፤ ድምፁ በጉልበቴ ገባ።

ያን ጊዜ ነፋሱ ዞረ።

የመጋቢት ነፋስ እንዲህ ነው፤ አይታመንም። የበርበሬው ጭስ በላይ መግባቱን ትቶ ከአፋፉ ተገልብጦ ፊቴ ላይ ወረደ። ዓይኔ ጠፋ። ማነቆውን እንደያዝኩ ባስል፣ ዓይኔን ብጠርግ፣ ጅቡ ወጣ። አላየሁትም፤ ትንፋሹ ነው የመታኝ፣ የበሰበሰ ነገር ትንፋሽ። ጠፍሩን ሳብኩ። አንገቱን ስቶ አንድ የፊት እግሩንና ትከሻውን ያዘ። በጉልበቴ እየጎተተኝ ድንጋዩ ላይ ወሰደኝ። በቀኜ ጦሩን ሰነዘርኩ፤ ዘንጉን በአፉ ቀልቦ እንደ አገዳ ቀረጠፈው። ዞሮ መጣብኝ። ጀርባዬ ከዐለቱ ጋር ገጠመ። ክንዴን ፊቴ ላይ ጋረድኩ፤ ያዘው።

ጆንያው ባይኖር ክንድ የሚባል አይኖረኝም ነበር። ቢኖርም ጥርሱ ዘልቆ ገብቷል። ሲጫነኝ አጥንቴ ሲንቋቋ ሰማሁ። እግዚኦ አልኩ። ሞቴ በዓይኔ መጣ፤ አላፍርበትም፣ ፈራሁ። አዳሙ ቆርቆሮውን ወርውሮ እግሬ አውጪኝ ብሏል፤ እስከ ዛሬ ድንጋይ ላመጣ ሄጄ ነው ይላል። ስማቸው አፋፉ ላይ መጥረቢያውን እንደያዘ ደርቋል። አንዴ ጅቡን፣ አንዴ ጠጅቱን ያያል።

የወረደችው ጠጅቱ ናት። በዚያ በታመመ እግሯ በድንጋዩ እየተንሸራተተች መጣችና ያንን የራሰ ቆዳ በጅቡ ራስ ላይ ጣለችበት። ከባድ ነው፣ ውኃ የጠጣ ነው። ጅቡ ክንዴን ለቆ ቆዳውን ነከሰ፤ እሱን ግን ሙጭጭ አድርጎ ያዘው። እሷም የጠፍሩን ጫፍ ከመሬት አንሥታ በዐለቱ ጥርስ ላይ ጠመጠመች፤ በሁለት እጇ ወጥራ ቆመች።

«ስማቸው!» ብላ ጮኸች። «ቆመህ ምን ታያለህ? ይኸው እኔ፣ ይኸው ጅቡ! ና እንጂ!»

ያን ጊዜ ነቃ። ዘሎ ወረደ። በመጥረቢያው ጀርባ ጭንቅላቱን መታው፤ ደገመው። ጅቡ ተዘረጋ።

ነፍሴ መለስ ስትልልኝ በመጀመሪያ ያየሁት የኋላ እግሩን ነው። የወጥመድ ሽቦ ሥጋው ውስጥ ገብቶ፣ ሥጋው በላዩ ላይ ገጥሞበት፣ ጫፉ እየተጎተተ። ስንት ወር እንደተሸከመው እንጃ። አሳዘነኝ። አዎ፣ ክንዴ እየደማ ለጅብ አዘንኩ፤ ሳቁ ከፈለጋችሁ።

ሰዉ ከማሳው ዳር ወርዶ ከበበን። ጠጅቱ ከጅቡ ራስጌ ቆማለች፣ ጠፍሩን ገና አልለቀቀችም። ሁሉም አዩ። ነገሩ አለቀ ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል፣ ከኋላ አንድ ድምፅ «ይኸማ ሌላ ጅብ ነው» አለ።

ከጅቡ ጥርስ ይልቅ ያ ቃል ወጋኝ። ጠጅቱ ሰምታለች። የተቀደደ ቆዳዋን ከሞተው አፍ አላቅቃ፣ በትከሻዋ አድርጋ፣ እያነከሰች ዳገቱን ወጣች።

አዳሙ በባጃጁ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። ቁስሌን አጥበው ሰፉት፣ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መርፌም ወጉኝ። ወደ ሰፈር ስንመለስ ስማቸው ከጠጅቱ በር ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ከካባው ተከትሏት ወጥቶ እዚያው እንደቀረ ነገሩኝ። ሚስቱ መጥታ ለመነችው፤ አልተነሣም። ሰዉ በዚያ ሲያልፍ ያየዋል፣ ይንሾካሾካል። እኔም ከደጄ ሆኜ አየዋለሁ። ከሰዓት በኋላ በየቤቱ መሶብ ቀረበ። ስማቸው ተነሣና ሰው ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አደረገ።

«እትየ ጠጅቱ፣ እርስዎ ቤት እህል ልቅመስ።»

ሊጨልም ነው እስክል ድረስ በሩ አልተከፈተም። ከዚያ ከአጥሩ ውስጥ፦

«አህያህን አልበላሁም» አለች።

«አውቃለሁ።»

«መቼ ነው ያወቅኸው?»

«ዛሬ። ዛሬ ጠዋት ነው እትየ» አለ።

በሩ ተከፈተ። ገባ።

እሑድ እድሩ ተሰበሰበ። ስለ ድንኳን መቀደድ ተነጋገሩና ተበተኑ። ስሟ አልተሰረዘም፤ ይቅርታ ያላት ሰውም የለም። እሷም ይኸው እዚሁ ትኖራለች።

እኔ ክረምት በመጣ ቁጥር ይህ ክንድ ይጠዘጥዘኛል፤ አሁን አሁን ጋቢ መደረብም በግራዬ አልችልም። ስለ ጅብ የተማርኩትን ትወስዳላችሁ፤ በጾም ወራት አጥራችሁን አጥብቁ፣ የሞተ ከብት ቅበሩ እንጂ ፈፋ ውስጥ አትጣሉ፣ ጭስ ከማኖራችሁ በፊት ነፋሱን ደጋግማችሁ እዩ። እሱ ቀላል ነው። ጅቡን ከካባው ለማስወጣት አንድ ጠዋት በቅቶናል። ያ «ሌላ ጅብ ነው» ያለውን ቃል ግን እንዴት አድርጌ እንደማስወጣው እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ የሚከብደኝ ከክንዴ ይልቅ እሱ ነው።

ዛሬ የጠራኋችሁም ወሬ አምሮኝ አይደለም። ከትናንት ወዲያ ከእናንተ አንዱ ልጁን ታቅፎ በጠጅቱ በር ሲያልፍ፣ እሷ ደጅ ቆማ ሳለ፣ ዓይኗ እንዳያርፍበት የልጁን ፊት በጋቢው ሲሸፍን አይቻለሁ። እሷም አይታለች። ማን እንደሆነ ጠርቼ አላሳፍረውም። ነገ ግን ያንን ልጅ ፊቱን ገልጦ ይዞት ይሂድ፤ ቤቷ ይግባ፤ የምታቀርብለትን ራሱም ይቅመስ፣ ልጁንም ያቅምስ።

ካልሄደ ስሙን ባትሰሙም፣ እኔ ዓይኑን እያየሁ እኖራለሁ።