ቀሚስ የማይፈሩ ዝንጀሮዎች

ንጋት 12 ሰዓት፣ አርባ ምንጭ፣ ሴቻ

ውዳሴ ማርያሜን ደግሜ ስወጣ ሾፌራችን ሸምሱ፣ በሙቀትም የማያወልቀውን ካፖርትና ኮፍያ አድርጎ፣ መኪናውን አሙቆ ይጠብቀኛል። ሀገሬ ደብረ ማርቆስ ብሆን በዚህ ሰዓት ጋቢ ደርቤ ነበር የምወጣው፤ አርባ ምንጭ ላይ ግን ነጠላዬም ይበዛብኛል።

የምንሄደው ወደ ምዕራብ ዓባያ ነው። ማሳን ከዱር አራዊት ለሚጠብቁ የወረዳ ስካውቶችና ለእንስሳት ቁጥጥር ሠራተኞች ያዘጋጀነው የመጀመሪያው መደበኛ ሥልጠና ዛሬ በተግባር ፈተና ያበቃል። እስካሁን ሰው ሲቀጠር ፊሽካ ይሰጠውና «በል ሂድ ጠብቅ» ይባል ነበር። አሁን ትምህርትም፣ የደንብ ልብስም አለው። ልብሱን የመረጥሁት እኔ ነኝ፤ ለወንዶቹ ሱሪና ኮፍያ፣ ለሴቶቹ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጨዋ ቀሚስና ነጭ ሻሽ።

ጠዋት 1 ሰዓት፣ ጫኖ

ሙዝ የጫኑ አይሱዙዎች፣ ማንጎ በሳፋ የያዙ ሴቶች፣ አቧራ። ዓርብ ነውና እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም። ሸምሱ ሙዝ ገዝቶ፣ ፊቱን ወደ መስኮት አዙሮ እየበላ ይነዳል።

«ሸምሱ፣ መንገዱን እይ እንጂ።»

«እትዬ፣ እንዳላስጎመጅዎ ብዬ ነው።»

3 ሰዓት፣ ምዕራብ ዓባያ አጠገብ

የሙዝ ማሳ፣ ከበላዩ ዳገት፣ ከበታቹ እንደ ሸክላ የቀላው ሐይቅ። ፈተናው ሙዙን የሚያጠፉትን ዝንጀሮዎች ያለ ድንጋይና ያለ ዱላ ከማሳው አስወጥቶ፣ ፈታኙ አቶ ማርቆስ «በቃ» እስኪሉ ድረስ እንዳይመለሱ ማድረግ ነው። ወንዶቹ ሠልጣኞች ፊሽካ ነፍተው በቀላሉ አለፉ። ዝንጀሮዎቹ ሲመለሱ የአማረች ተራ ሆነ። አማረች በጊዜያዊነት ነው የምትሠራው፤ ካለፈች ቋሚ ትሆናለች፣ ከወደቀች ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

ፊሽካዋን ነፋች፤ እንዳስተማርናት ደረቷን ነፍታ ተራመደች። አውራው ዝንጀሮ ከሻሿ እስከ ቀሚሷ ጫፍ አያትና ሌላ ሙዝ ላጠ።

«ዝንጀሮ ሴት አይፈራም» አለ የማሳው ባለቤት። «ሚስቴ ስትጮህበት ቁጭ ብሎ ያዳምጣታል።»

«እሱስ ያዳምጣል» አለች ሚስቱ።

አማረች ላብ በላብ ሆና መጣች። «እትዬ፣ የሸምሱን ሱሪ ልዋስ?»

ሸምሱ ቀበቶውን ጨብጦ ወደ ኋላ አለ። «እኔስ ምን ልለብስ?»

«ካፖርቱና ኮፍያውም ይበቃኛል።»

«የወንድ ልብስ ለሴት ኦሪቱ ይከለክላል» አልሁ። «እግዚአብሔር ያያል።»

«እሱማ ሴት መሆኔን ያውቃል፤ እንዳያውቅ የምፈልገው ዝንጀሮው ነው።»

ራሴን ነቅንቄ ፈቀድሁላት። ካፖርቱን ደርባ፣ ኮፍያውን ደፍታ ፊሽካውን ስትነፋ አውራው ሙዙን ጥሎ ዳገቱን ወጣ፤ መንጋውም ተከተለው።

ደስታ አላስቻለኝም፤ ነጠላዬን እያውለበለብሁ ላቅፋት ሮጥሁ። ዳገቱ ላይ ያሉት ቆም ብለው አዩኝና ቁልቁል መመለስ ጀመሩ።

«ገና በቃ አላልሁም» አሉ አቶ ማርቆስ።

አማረች ዞር ሳትል፣ «እትዬ፣ ወይ ይሂዱ ወይ ይልበሱ» አለችኝ።

እንዳልሄድ፣ ለአውሬ ጀርባ አይሰጥም ብዬ ያስተማርሁት እኔው ነኝ። ባለማሳዋ የባሏን ኮት ከትከሻው ገፍፋ ወረወረችልኝ። አማትቤ ለበስሁት፤ ነጠላዬን ከውስጥ ደብቄ እንደ ደብራችን አለቃ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ተንጎራደድሁ። ዝንጀሮዎቹ ተያይተው ተመልሰው ወጡ።

«በቃ። አማረች አልፋለች» አሉ አቶ ማርቆስ። ከዚያም እኔን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ «እርስዎም ቢመዘገቡ አይወድቁም» አሉኝ።

11 ሰዓት፣ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ

ሸምሱ ያለ ካፖርት ነው የመጣው፤ አማረች ነገ ሥራ አለብኝ ብላ አስቀርታዋለች። ወደ ሴቻ ከመውጣታችን በፊት የልብስ ሰፊያችን የሐጂ ሱቅ በር ላይ ወረድሁ።

«የቀሩትን ቀሚሶች ይተዉአቸው ሐጂ። ለሴቶቹም ሱሪ ይሁን፤ ሰፋ ብሎ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ ለሥራ ሱሪ ይመቻል ብልዎ እሺ አላሉም። አሁን ማን አሳመነዎት?»

በጾም ቀን አልዋሽም።

«ዝንጀሮ» አልኋቸው።