ለትምባሆ የተቀመጥነው ለቅሶ

የታሰርኩበትን ክፍል ከማየቴ በፊት አሸተትኩት። ወልቂጤ ከገበያው በላይ የነበረ የቆርቆሮ መጋዘን ነው። ጣሊያን ከመግባቱ በፊት አንድ ነጋዴ ከየጓሮው የገዛውን የትምባሆ ቅጠል ያከማችበት ነበር። ቅጠሉ ሄዷል፤ ሽታው ግን ከግድግዳው ጭቃና ከወለሉ አቧራ አልወጣም። ባንዳው ከኋላ ገፍቶ ሲያስገባኝ መጀመሪያ የተሰማኝ ፍርሃት አልነበረም። ለመናገር ያሳፍራል፤ ያማረኝ ሲጃራ ነበር።

ያስያዘኝ የገዛ እጅ ጽሑፌ ነው። ከወረራው በፊት የመንግሥት ጸሐፊ ነበርኩ፤ ወደ ጉራጌ አገር የመጣሁትም ከሰሜን አለቃዬን ተከትዬ ነው። ጣሊያን ሲገባ አለቃዬ ዱር ገባ፣ እኔ ከተማ ቀረሁ። በኋላ እግሩን ቆስሎ ቸሃ ውስጥ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ቤት፣ ከእንሰቱ ጀርባ ተደበቀ። እሱ እየነገረኝ እኔ ለሌሎቹ አርበኞች ደብዳቤ እጽፍለት ነበር። አንዱ ደብዳቤ መንገድ ላይ ተያዘ። ከድሮው የመሥሪያ ቤት መዝገብ ጋር አስተያዩት፤ በዚያ አገር እንደኔ ቆንጆ አድርጎ የሚጽፍ ሰው አልነበረም። ዕድሜዬን ሙሉ የኮራሁበት ነገር አንገቴን አስያዘኝ።

ስለዚህ አንድ ነገር አውቅ ነበር፤ የዚያችን ሴት ቤት። ያን ከተናገርኩ ሁለት ሰው ይሰቀላል። እሷንም እሱንም አይምሯቸውም።

ጠዋት ጠዋት ወደ ጅማ ለሚወጣው መንገድ ድንጋይ እንፈልጣለን፤ ከሰዓት በኋላ ተመልሰን ይቆለፍብናል። በአራተኛው ቀን መኮንኑ አስጠራኝ። ፊቴን አላየም፤ ያየው ጣቶቼን ነው። የቀኝ እጄ ሁለት ጣቶች ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ባጨስኩት ትምባሆ ቢጫ ሆነዋል። ፈገግ ብሎ ከቆርቆሮ ሳጥኑ ሲጃራ አወጣና ለኩሶ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጠው። ጢሱ ወደ እኔ መጣ።

«አለቃህ ወዳጆቹን ለማግኘት ሲወርድ ወንዙን በየት በኩል ይሻገር ነበር ይላል፤» አለ አስተርጓሚው።

ሴትየዋን አልጠየቀኝም። ቤቱን አልጠየቀኝም። ወንዝ ብቻ ነው የጠየቀኝ። ምራቄን ዋጥኩ።

«በዋቤ ታችኛው መልካ፤» አልኩ።

ሲጃራውን ጣቴን እስኪፈጀኝ ድረስ አጨስኩት። ጣፈጠኝ። ይህን የምጽፈው እውነቱ ስለሆነ ነው።

ወደ መጋዘኑ ስመለስ ሰዉ ሁሉ ቀና አለ። ከግድግዳው የሚወጣው ያረጀ ሽታ ነው፤ ከእኔ አፍ የሚወጣው ግን አዲስ። መልካውን አገር ሁሉ ያውቀዋል፣ እኔ ብናገረው ምን ይጨምራል እያልኩ ራሴን ሳባብል አመሸሁ።

በማግስቱ ከድንጋይ ፈለጣው እንደተመለስን ጥግ ሄጄ ተንበረከክሁ። ድሮ የረገፈ የትምባሆ ፍርፋሪ ከወለሉ አፈር ጋር ተቀላቅሎ ይገኝ ነበር። በጥፍሬ እየፋቅሁ ምላሴ ላይ አደርገዋለሁ። ከእኔ አጠገብ የሚተኙት ሽማግሌ መጥተው ቁጢጥ አሉ። የቸሃ ገበሬ ናቸው፤ የታሰሩት ዱር የገባውን ልጅህን አምጣ ተብለው ነው። አማርኛ የተማሩት በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ሸክም ሲሠሩ ስለሆነ ንግግራቸው አጭር ነበር።

«ጸሐፊ፤ አንተ ጎረቤቴ አይደለህም?»

«ነኝ አባ።»

«ታዲያ ሲሞትብኝ ለቅሶ አትደርስም?»

ደነገጥኩ። ልጃቸውን የገደሉባቸው መሰለኝ። አፈሩን ከአፌ በእጄ ጠረግሁና «ማን ሞተ?» አልኩ።

«ጋያዬ፤» አሉ።

ጋያ የአገሩ ሽማግሌዎች የሚያጨሱበት፣ ቅሉ ውስጥ ውሃ የሚንቦጫረቅ የትምባሆ ማጨሻ ነው። የእሳቸውን ሲይዟቸው ባንዳው በጫማው ረግጦ ሰብሮባቸዋል። «ከሚስቴ በፊት ነው የማውቀው፤» አሉ። ልስቅ ስል ፊታቸውን አየሁ። አይስቁም። ከዚያ እጃቸውን አየሁ። ይንቀጠቀጣል፣ ልክ እንደ እኔ። አምስት ቀን ሙሉ አጠገባቸው ስተኛ ልብ አላልኩም ነበር፤ ሐራራ የያዘው ሰው ከራሱ በቀር ማንንም አያይም።

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ትናንት ሸተትከኝ። ጣሊያኑ አመልህን አውቆብሃል። እኔንም ጠርቶ ሰጥቶኛል። አልወሰድኩም። ነገ ግን አልወስድም ብዬ አልምልም። ልጄ ያለበትን አውቃለሁ። ብቻዬን አልችልም።»

አንድ ትልቅ ሰው አልችልም ሲል እስከዚያ ቀን ሰምቼ አላውቅም ነበር። የእሳቸው አልችልም ማለት ለእኔ ከምክር ሁሉ በለጠ።

ከወዲያ በኩል የተጋደመው የቡታጅራ ነጋዴ ተነስቶ ተቀመጠ። በአሞሌ ጨው መሃል ጥይት አሳልፈሃል ተብሎ የተያዘ ሰው ነው፤ ቀልድ ይወዳል። «ወላሂ የእኔም ሞቷል፤» አለ። «ግን ሦስታችንም ሐዘንተኛ ከሆንን ማን ማንን ያጽናናል?»

«በተራ፤» አሉ ሽማግሌው። «ሐዘንተኛ ብቻውን አይተውም። ሰባት ቀን እንቀመጣለን። ከሰባት በኋላ ሰው ይነሳል።»

በዚህ ሁኔታ ለትምባሆ ለቅሶ ተቀመጥን። ሕጉ ቀላል ነበር። ሐራራው የተነሳበት «መጣብኝ» ይላል፤ ሁለቱ የያዙትን ነገር ትተው ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ። ወሬ ያወራሉ፤ የሟች ስም ግን አይነሳም። የተበሳጨ ቢሳደብ ሐዘን ነው ተብሎ ይታለፋል፣ ተራ የደረሰው ማኩረፍ አይችልም። ድንጋይ ስንፈልጥም ጎን ለጎን እንሆናለን። ሌሎቹ እስረኞች መጀመሪያ ሳቁብን። በሁለተኛው ቀን አንዱ አልፎን ሲሄድ «እግዜር ያጽናችሁ» አለን፤ ሲያላግጥ ነው ብዬ ቀና ስል ፊቱ ላይ ፌዝ አልነበረም።

ቀላል ነበር ብዬ አልዋሽም። ራሴን ያዞረኛል፣ ላብ ያጠምቀኛል፣ ቁራሽ ቆጮ አፌ ውስጥ እንጨት ይሆንብኛል። ነጋዴው ስለ በቅሎው ያወራልኛል፤ ገበያ ደርሳ ሰው መሃል ካልተኛች ስለማይሆንላት በቅሎ። አንድ ጊዜ «አንተና በቅሎህ ገደል ግቡ» አልኩት። «እሷ እንኳ ገደል አትወድም፤» ብሎ ካቆመበት ቀጠለ። የሽማግሌው ተራ ሲሆን ደግሞ ብዙ አያወሩም። ጉልበቴ ላይ እጃቸውን ያሳርፋሉ። የሁለታችንም ስለሚንቀጠቀጥ የማን እንደሆነ አይለይም።

በሦስተኛው ቀን መንገዱ ላይ ዘበኛው ግማሹን አጭሶ ሲጃራ ጣለ። ሦስታችንም አየነው፣ ሦስታችንም እንዳላየን ሆንን። ከሰዓት በኋላ መጋዘኑ ተቆልፎ ስንቀመጥ ነጋዴው ጭብጡን ፈታ። ቁራጩ መዳፉ ላይ ነበር። ፊቱ ገርጥቷል፤ ያን ቀን አልቀለደም።

«ከጠዋት ጀምሮ ይዤዋለሁ፤» አለ። «ለመጣል እጄ እምቢ አለኝ።»

አልተቆጣነውም። እኔማ ምን አፍ አለኝ? ሽማግሌው በስንጥር የወለሉን አፈር ቆፈሩ፣ ነጋዴው ቁራጩን አስገባ፣ እኔ አፈር መለስኩ። ነጋዴው ለሬሳ የሚባለውን ሊል አፉን ከፈተና «አስተግፊሩላህ!» ብሎ በሁለት እጁ ያዘው። ያኔ ሳቅን። ሆዳችንን ይዘን፣ ዓይናችን እንባ እስኪያቀር ሳቅን፤ ዘበኛው በሩን በሰደፍ እስኪደበድበው ድረስ።

በማግስቱ ስለ መልካው ነገርኳቸው። ከዚያ በላይ በሆዴ መያዝ አልቻልኩም። ነጋዴው አንገቱን ደፋ። ሽማግሌው የሚጠሉኝ መሰለኝ፣ ቢጠሉኝም አልፈርድባቸውም ነበር።

«ሌላ የምታውቀው አለ?» አሉ።

«አለ። የሰው ሕይወት ነው።»

«እሱ እንዲቀር ነው የተቀመጥነው፤» አሉና ጠጋ አሉኝ። መልካውን ዳግመኛ አላነሱትም። ይቅር ብለውኝ እንደሆነ ግን አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት፣ ለመንገድ ሥራው ስንሰለፍ፣ መኮንኑ እንደገና አስጠራኝ። ሳጥኑ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። ሲጃራውን ለኮሰና ዛሬ ጠርዝ ላይ አላስቀመጠውም፤ ወደ አፌ ዘረጋልኝ። ከንፈሬ በራሱ ሲላቀቅ ተሰማኝ። ሽታው እስከ እግር ጥፍሬ ወረደ። በልቤ «መጣብኝ» አልኩ፤ ግራና ቀኜን ሳይ ግን ያለው ግድግዳና አስተርጓሚው ነው።

«የተደበቀበትን ቤት ንገረኝ፣ ሳጥኑ በሞላው ያንተ ነው ይላል።»

«ሐዘን ላይ ነኝ፤» አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። «በሐዘን አላጨስም።»

አስተርጓሚው ትክ ብሎ አየኝ። እኔ ካደግሁበት አገር የመጣ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ሕግ እንደሌለን ያውቃል። መርዶ ያረዳኝ ሰው እንደሌለም ያውቃል። ይዋሻል ብሎ ቢነግረው ኖሮ ያለቀልኝ ነበር። ጉሮሮውን ጠረገና ያልኩትን ነገረው። የመኮንኑ እጅ አየር ላይ ቆመ።

«ማን ሞተብህ ይላል።»

«የቤት ሰው።»

«የቅርብ?»

«ዐሥራ ሁለት ዓመት አብረን ኖረናል።»

ሚስቴ መስላው ይሆናል። ባርኔጣውን አወለቀና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሲጃራውን አጠፋ፣ ሳጥኑን ከደነ። ለአስተርጓሚው «ውሰደው» ብሎ በእጁ ወደ እኔ አመለከተ። ያን ቀን አልተመታሁም። በሩ ጋ ስንደርስ አስተርጓሚው ሳያየኝ «ነፍስ ይማር» አለኝ። የሚቀልድ ይሁን የምሩን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ይህን ለሁለቱ እስክነግራቸው ድረስ ቸኮልኩ። ባርኔጣውን ያወለቀበትን አኳኋን እንዴት አድርጌ እንደማሳያቸው መንገድ ላይ ስለማመድ ነበር። በሩ ሲከፈት ነጋዴው ብቻውን ቆሟል። ሽማግሌው የሚተኙበት የእንሰት ቅጠል ባዶ ነው።

«በካሚዮን ጭነው ወሰዷቸው፤» አለኝ። «አምስት ናቸው። ወደ አዲስ አበባ ነው ይላሉ። እኔን ውሃ ቅዳ ብለው አስቀርተውኝ ነው ያየሁት።»

«ተናገሩ?»

«እሳቸው? ምንም። መኮንኑ ከአንተ በፊት ጠርቶ የሰጣቸውን ሲጃራ ለሹፌሩ ሰጡት አሉ።» ነጋዴው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ሲወጡ ለእኔ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሉኝ። ሰባቱ አልሞላም፤ ጸሐፊውን ብቻውን እንዳትተወው አሉኝ።»

ጠዋት ለመኮንኑ የዋሸሁት ነገር ቀኑ ሳይመሽ እውነት ሆነ። የእሳቸው ቅጠል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ነጋዴው አጠገቤ ተቀመጠ። ስለ በቅሎዋም አላወራም።

መኮንኑ ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ጠርቶኛል፤ በሲጃራ ሳይሆን በአለንጋ። የሴትየዋን ቤት አልተናገርኩም። ጀግና ስለሆንኩ አይደለም። ስመለስ ግራዬ ላይ የሚቀመጥ ሰው ስለነበረኝ ነው።

ነፃነት ሲመለስ ሴትየዋም አለቃዬም በሕይወት ነበሩ። ሽማግሌውን ፈልጌ ቸሃ ሄድኩ፤ አልተመለሱም። ልጃቸውን አገኘሁት፣ ቁርጥ እሳቸውን። ታችኛው መልካ ላይ ግን በዚያ ሰሞን ሁለት ሰዎች ተይዘው እንደነበር ሰማሁ። በእኔ ቃል ይሁን በሌላ፣ ሊነግረኝ የቻለ የለም። የጣቶቼ ቢጫ ከለቀቀ ብዙ ዓመት ሆነው። አሁንም እጄን ስታጠብ እነዚያን ሁለቱን ጣቶች ደጋግሜ እንደማሽ ሚስቴ ነግራኛለች።

ዛሬ አርጅቻለሁ። በዚህ ወር አስተማሪ የሆነውን ጎረቤቴን ሐኪም ሲጃራ ተው ብሎ አዞታል። ከሚስቱ ጋር ሲጨቃጨቅ በአጥር በኩል ይሰማኛል። በርጩማዬን ይዤ ሄድኩ፣ አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ ስለ አንዲት በቅሎ አወራሁለት። በነጋታውም ሄድኩ። ትናንት ተሰላችቶ ኖሮ «ጋሼ፣ ዛሬም መጡ? ደህና ነኝ እኮ፤» አለኝ። እጁን ወደ ኪሱ ሊደብቅ ሲል አየሁት፤ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በርጩማዬን ጠጋ አደረግሁና «ሰባቱ አልሞላም፤» አልኩት።