እትዬ ነገና የራቀው ፌርማታ

እትዬ ነገን አንድ ተራ ቀን ምን ያስወጣታል ቢባል፣ አንድ ድውር ጥቁር ክር፣ ግማሽ ድውር ነጭ፣ ጂንስ ያመጣ ሰው ካለ ደግሞ ሁለት ስባሪ መርፌ ነው። ዘጠኝ ጊዜ ከበርጩማዋ መነሳት፣ ዘጠኝ ጊዜ «ወይ ወገቤ!» ብሎ መቀመጥ አለ። ከጎረቤቷ ከሰዓት ሠሪው ጋር አንድ ጭቅጭቅ፣ አንድ እርቅ። ከሰባት ጊዜ ያላነሰ «ነገ ይደርሳል» ማለት፤ ስሙንም ያወጣላት ይኸው ነው። ልጇ የወጣቶች ፓርላማ አባል ከሆነች ወዲህ ግን አንድ አዲስ ወጪ ተጨምሯል። «የለችም፤ ትምህርት ቤት ናት፤ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ተመለሱ» ማለት፣ በቀን ከሃያ ጊዜ በላይ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማው ፖለቲካ ለሚወዱ ታዳጊዎች አንድ ፕሮግራም ከፈተ። ከየሰፈሩ አንድ ልጅ ይመረጣል፤ በወር አንድ ቅዳሜ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ እውነተኛ ኃላፊ ይጋበዝና እያንዳንዱ አባል የሰፈሩን አንድ ችግር በሦስት ደቂቃ ያቀርባል። ሦስት ደቂቃው ሲሞላ ማይኩ ይጠፋል። እትዬ ነገ ይህን ስትሰማ፣ «ምነው ለትልልቆቹም እንዲህ ዓይነት ማይክ በገዙላቸው!» አለች።

ልጅቷ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። በሁለት ዓመቷ «ለምን?» ማለት ጀምራ ይኸው እስከ ዛሬ አላቆመችም። በተመረጠች ማግስት ሰፈሩ «ክብርት» የሚል ስም አወጣላት። መጀመሪያ ለቀልድ ነበር፤ በኋላ የቀልዱ ለዛ አለቀና ስሙ ብቻ ቀረ። አሁን እናቷ ራሷ ከጓዳ፣ «ክብርት! ሳህኑን ማን ይጠብልሽ?» እያለች ትጣራለች።

ክብርት ቢሮ ስለሌላት የእናቷን ሱቅ ቢሮ አደረገችው። ሱቁ ሦስት እርምጃ በአራት እርምጃ ነው። ከመስኮቱ ሥር የስፌት መኪናው፣ ጥግ ላይ መጋረጃ የተጋረደለት መለኪያ ቦታ፣ ከላይ ደግሞ ከግድግዳ ግድግዳ የተዘረጋ ብረት ላይ ባለቤቱን የሚጠብቅ ልብስ ተሰቅሏል። እትዬ ነገ ልብስ ስትቀበል ከቁጥር ደብተሯ አንድ ወረቀት ትቀድና ሦስት ቦታ ትከፍለዋለች። አንዱን ለባለቤቱ ትሰጣለች፤ አንዱን በእስፒል ልብሱ ላይ ትሰካለች፤ ሦስተኛውን፣ ምን እንደሚሠራለትና መቼ እንደመጣ ጽፋ፣ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ታስቀምጣለች። ልብሱ ሲወሰድ ወረቀቱም ይጣላል። ቆርቆሮው ውስጥ ያለው እንግዲህ ያልተወሰደ ልብስ ነው ማለት ነው።

ክብርት ይህን አሠራር አየችና ለቅሬታ ወሰደችው። የተቸገረ ሰው ይመጣል፤ እሷ ጽፋ ቁጥር ትሰጠዋለች፤ ግማሹን በሁለተኛ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ታስቀምጣለች። ሰዉ በደሉን ተናግሮ ቁጥር ሲቀበል ግማሽ በሽታው የለቀቀው ያህል ይቀለው ጀመር።

«ትልልቁ መሥሪያ ቤትም ነገ ተመለስ ይላል፤ እዚህም ነገ ይባላል» አለ ሰዓት ሠሪው። «ልዩነቱ እዚህ በቁጥር ነው።»

ከዚያ በኋላ የማይመጣ ሰው ጠፋ። ውሾቹ እንቅልፍ ነሱኝ የሚል መጣ። የጎረቤቴ ራዲዮ የሚል መጣ። አንድ አዛውንት፣ «ባለቤቴ ከእኔ ጋር ስታወራ ድምፅዋን ትቀንስ» ብለው አስመዘገቡ። በሳምንት አንዴ ከሩቅ የሥራ ቦታው የሚመለሰው የክብርት አባት እንኳ «ሾርባው ጨው በዝቶበታል» ቢል ቁጥር አሥራ ዘጠኝ ተሰጠው።

እትዬ ነገ ግን የራሷ ጉዳይ ነበራት፤ እሱም ቀልድ አልነበረም። ከሱቆቹ ፊት ለፊት የነበረው የሰባት ቁጥር አውቶቡስ ፌርማታ ከአራት ወር በፊት ተነስቶ ከድልድዩ ማዶ ተተክሏል። ከድልድዩ ማዶ ወርዶ፣ ልብስ ተሸክሞ፣ አቧራውን እየቃመ ወደ ኋላ የሚመለስ ደንበኛ የለም። በዚህ ከቀጠለ የሱቁን ቁልፍ ለባለቤቱ መልሳ የስፌት መኪናዋን ከመኝታዋ አጠገብ መትከሏ ነው። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ለልጇ ግን ማክሰኞ ማታ ተናገረች።

«ቅዳሜ የሚጋበዘው የትራንስፖርቱ ኃላፊ ነው አሉ?»

«አዎ።»

«እሰይ! በይ ፌርማታችንን ንገሪልኝ።»

«አልችልም፣ እማዬ።»

«ምን ማለት ነው አልችልም? ለጎረቤት የሚተርፍ ምላስ አይደል እንዴ እግዜር የሰጠሽ?»

«የጥቅም ግጭት ነው። ሱቁ ያንቺ ነው፤ እኔ የምበላው ከሱቁ ነው። ለራሴ እንደ መለመን ይቆጠራል።»

«እንግዲያው አትብዪ!» አለች እትዬ ነገ። ወዲያው ደግሞ ሳህኑን ወደ ልጇ ገፋ አደረገችላት።

ክብርት እንጀራ እናት አይታ አታውቅም፤ ለደንብ ስትል ግን ለገዛ እናቷ የእንጀራ ልጅ ሆነች። «ብዙ ሰው ያመለከተበት ጉዳይ ነው የሚቀርበው። ከፈለግሽ እንደማንኛውም ነዋሪ ቁጥር ውሰጂ።»

ለእትዬ ነገ ከገዛ ደብተሯ የገዛ ወረቀቷ ተቀዶ ተሰጣት። ቁጥር አርባ ሰባት።

«መቼ ይደርሳል?» አለች።

«ነገ» አለች ክብርት፣ ፈገግ እንኳ ሳትል።

ብዙ ሰው ካመለከተ ይቀርባል ከተባለ፣ እትዬ ነገ ብዙ ሰው ማምጣት አያቅታትም። ረቡዕ ጠዋት ለሱቆቹ ሁሉ ወሬ አስተላለፈች፤ ስለ ፌርማታው ያመለከተ አንድ የልብስ ቁልፍ በነፃ ይተከልለታል። ክብርት ትምህርት ቤት በምትውልበት ሰዓት እናቷ ራሷ እየመዘገበች፣ እስከ ሐሙስ ድረስ አሥራ አራት ማመልከቻ ገባ። ሰዓት ሠሪው ብቻውን አራት ጊዜ አመልክቶ የኮቱ ደረት በአዲስ ቁልፍ ተሞላ። አምስተኛውን ሊያስመዘግብ ሲመጣ እትዬ ነገ ክር ልትገዛ ወጥታ ነበር፤ ያገኘው ክብርትን ነው።

«ያው ስለ ፌርማታው ነው» አላት። «የዛሬዋ ቁልፍ ግን የእጅጌ ትሁንልኝ።»

«የምን ቁልፍ?»

ሰዓት ሠሪው የሰው ሰዓት ሲያስተካክል ይኖራል እንጂ የራሱን አፍ ማቆም አያውቅም። ሁሉንም ዘረገፈው።

እትዬ ነገ ስትመለስ አሥራ አራቱም ወረቀቶች ተቀዳደው ጠበቋት። «ይሄ ድምፅ መግዛት ነው» አለች ክብርት። «ሁሉም ተሰርዟል። ቅዳሜ የማቀርበው የውሾቹን ነው። ዘጠኝ ንጹሕ ቅሬታ አለ።»

«እናትሽ ከውሻ አነሰች?»

«አላነሰችም። ደንቡ ነው።»

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ተኩል ሁለቱ አልተነጋገሩም። እትዬ ነገ መኪናዋን ስትረግጥ ፔዳሉ የጠላት ጀርባ የሆነ ይመስል ነበር። ሆዷ ግን ለሁለት ተከፍሏል፤ ግማሹ ይቆጣል፣ ግማሹ ይኮራል። እንዲህ ዓይነት ልጅ ለከተማው ብትሾም ከተማው እፎይ ባለ ነበር፤ ችግሩ የተሾመችው እሷ ላይ መሆኑ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ኩርፊያዋን ይዛም ቢሆን ተነስታ ሱቅ ገባችና የልጇን ሸሚዝ ተኮሰች። ጠረጴዛው ላይ ለካውያው ቦታ ስትፈልግ ሁለቱን የብስኩት ቆርቆሮዎች አንስታ ወደ መደርደሪያ ወሰደች፤ ስትመልሳቸው የቀኙን በግራ አደረገችው። ልብ አላለችም። ክብርትም ሰዓቱ ረፍዶባት፣ የራሷ ዘወትር በሚቀመጥበት በግራ በኩል ያለውን ብብቷ ሥር ከትታ ወጣች።

አዳራሹ ከፍ ያለ ጣራና የሚንቋቋ ወንበር ነበረው። እትዬ ነገ ከኋላ፣ ከእንግዶች ጋር ተቀመጠች። አፈ ጉባኤው አንገቱ ከኮሌታው የቀጠነ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነው፤ መዶሻውን ካገኘ ጀምሮ የሚመታበት ምክንያት ሲፈልግ ያረፈደ ይመስላል። የትራንስፖርቱ ኃላፊ ከጎኑ ተቀምጦ የእጅ ሰዓቱን ያያል። የክብርት ተራ ደረሰ። ቆርቆሮውን ከፍ አድርጋ አሳየችና፣ «ክቡር አፈ ጉባኤ፣ የሰፈሬን ሕዝብ ድምፅ ቃል በቃል አነባለሁ» ብላ የመጀመሪያውን ወረቀት አወጣች።

«ቁጥር አሥራ ሁለት። ግራጫ ሱሪ። ወገቡ ሁለት ጣት ይለቀቅ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ክብርት ደንግጣ ሁለተኛውን ሳበች። «ቁጥር አሥራ አምስት። የነርሷ ነጭ ጋውን። ኪሱ ተቀዷል።»

እትዬ ነገ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አፈ ጉባኤው በደስታ መዶሻውን ይቀጠቅጣል፤ «ሥነ ሥርዓት! ሥነ ሥርዓት!» በዚህ መሐል ከበሩ አጠገብ የቆመው የአዳራሹ ጥበቃ እጁን አወጣ።

«አሥራ ሁለት ቁጥር የኔ ነው!»

«እንግዳ አይናገርም!» አለ አፈ ጉባኤው።

«እንግዳ አይደለሁም፤ ባለ ሱሪው ነኝ!»

ኃላፊው እንባው እስኪፈስ ስቆ፣ «ይፈቀድላቸው እባካችሁ» አለ። «አባባ፣ ታዲያ ሱሪዎን ለምን አይወስዱም?»

«እንዴት አድርጌ ልውሰድ ጌታዬ? አውቶቡሱ ድልድዩን አሻግሮ ነው የሚጥለኝ። በእግሬ ልመለስ ብል ሥራ ይረፍድብኛል። አራት ወር ሙሉ በመስኮት እያየሁት አልፋለሁ። እሱ ተሰቅሎ ያየኛል፣ እኔም ተቀምጬ አየዋለሁ።»

የዚህን ጊዜ የሳቀ ጥቂት ሰው ነው። ክብርት ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለጠች፤ ቀኖቹን አየች። ቀና ስትል ፊቷ ተለውጧል።

«ልናገር የመጣሁት ስለ ውሾች ነበር» አለች። «የተሳሳተ ቆርቆሮ ይዣለሁ። ይሄ የእናቴ ሱቅ ነው፤ የጥቅም ግጭት አለብኝ፤ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ። ቆርቆሮው ውስጥ ግን ሳይወሰድ የከረመ ሠላሳ አንድ ልብስ አለ። ሠላሳ አንዱም የመጡት ሰባት ቁጥር ፌርማታ ከመነሳቱ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ነው። ከተነሳ በኋላ የተመለሰ ባለቤት የለም። ሰው ልብሱን ጠልቶ አይደለም። መውረጃ አጥቶ—»

ማይኩ ጠፋ። ሌላ ልጅ ቢሆን ይጮህ ነበር፤ ክብርት ግን ደንቡ ነውና ወዲያው ተቀመጠች። እትዬ ነገ «አንዲት ቃል ብትጨምር ምናለበት!» ብላ የሻርፗን ጫፍ ነከሰች።

ኃላፊው ማይኩን ወደ ራሱ ሳበ። ፌርማታው የተነሳው የሚወርድ ሰው ጥቂት ነው ተብሎ እንደሆነ ተናገረ፤ ማን እንደቆጠረና በስንት ሰዓት እንደቆጠረ ግን እሱም አያውቅም። «ለሦስት ወር ይመለስ» አለ በመጨረሻ። «ቆጣሪ ሰው ይቀመጣል። በቀን ሃያ ሰው ከወረደ ይጸናል፤ ካልሆነ ይነሳል።»

ሲወጡ ክብርት እናቷን በጎን አየቻት። «ሆን ብለሽ ነው ቆርቆሮውን የቀየርሽው?»

«በመርፌዬ እምላለሁ! ሸሚዝሽን ስተኩስ ነው። አራት ወር የተከመረ ሥራዬን በከተማው ሁሉ ፊት ማን አስነብቢ ብሎኝ?»

ልጅቷ አላመነችም ወይም አመነች፤ ብቻ ሰኞ ዕለት ራሷን ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ከሰሰች። ኮሚቴው ሁለት ታዳጊዎች ናቸው፤ ማስታወሻ ይዘው ሱቁን መረመሩ። የአንደኛው ኪስ ተቀዶ ስለነበር እትዬ ነገ እዚያው ልትሰፋለት መርፌ አነሳች፤ ልጁ ግን ክብርትን በፍርሃት ዐይን ዐይኗን እያየ፣ «ቁጥር ይሰጠኝ፤ እንደ ሰው እመጣለሁ» አለ። ውሳኔያቸው በማግስቱ መጣ፦ ጥፋት አልተገኘም፤ ነገር ግን ከቆርቆሮዎቹ አንዱ ሰማያዊ ይቀባ።

አሁን ፌርማታው ቦታው ላይ ነው። ቆጣሪው ዣንጥላውን ዘርግቶ፣ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። ጥበቃው በመጀመሪያው ቀን ወርዶ ሱሪውን ወሰደ፤ በአራት ወር ውስጥ ስለከሳ ወገቡ እንደገና መጥበብ አለበት። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን ዘጠኝ ሰው ወረደ፤ በሁለተኛው አሥራ አራት፤ ትናንት አሥራ ሰባት። ሰዓት ሠሪው እየተሳፈረ በመውረድ ሃያ ሊሞላ ሞክሮ ነበር፤ ክብርት ለቆጣሪው ራሷ ነገረችበትና ተሰረዘ። እትዬ ነገ «ታዲያ ሰውን ብለምንስ?» ብትላት ግን፣ «እሱ ቅስቀሳ ነው፤ ቅስቀሳ ይፈቀዳል» አለቻት።

ስለዚህ እትዬ ነገ ይህን የምታነቡትን ትለምናችኋለች። በሰባት ቁጥር የምትሄዱ ከሆነ፣ እባካችሁ ከድልድዩ በፊት ውረዱ። የሚሰፋ ልብስ ባይኖራችሁ እንኳ ውረዱና ሰላም ብላችኋት እለፉ። ሦስት ሰው ነው የጎደለው። ከመስኮት ሆናችሁ እጃችሁን ብቻ አታውለብልቡላት፤ እሱን ቆጣሪው አይጽፈውም።