የንጉሡ ፎቶ ያለበት እትም

እኔ ለመጽሐፍ ብዬ ሬዲዮ የምሸጥ ሰው አይደለሁም። ያውም ለኳስ መጽሐፍ! ግን ሸጥኩት። አንድ የአዲስ አበባ ልብስ ሰፊ፣ ዕድሜውን ስታዲየም የፈጀ ደጋፊ፣ ትዝታውን ከአብዮቱ በፊት አሳትሞ ነበር። የአባቴ ጓደኛ እንደነገረኝ፣ በመጀመሪያው እትም ንጉሡ ዋንጫ ሲሰጡ የሚያሳይ ፎቶ አለ፤ ከኋላቸው፣ ከደጋፊው መሀል ከበሮ ያንጠለጠለው አባቴ ነው። እሱ ሲሞት እኔ ገና እናቴ ሆድ ውስጥ ነበርኩ። ቤታችን አንድ ፎቶ እንኳ የለውም። ከአብዮቱ በኋላ በታተመው በሁለተኛው እትም ንጉሡ ከመጽሐፉ ሲወጡ አባቴም አብሯቸው ወጣ።

አምቦ ውስጥ ያልጠየቅኩት ሰው የለም። በመጨረሻ ሸነን የምትባል ከተማ ያሉ አንድ ጡረተኛ አስተማሪ የመጀመሪያው እትም እንዳላቸው ሰማሁ። ብርቅ መጽሐፍ ይሰበስባሉ፤ «አልሸጥም» አሉ። እኔም አስተማሪ መሆኔን ወደዚያ በሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ልኬ ብለምናቸው፣ ለሙያው ሲሉ እሺ አሉ። የአባቴን ነገር ግን አልላክሁላቸውም። እንዲህ ያለው ነገር በሾፌር አፍ ይላካል እንዴ?

ቅዳሜ ጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥዬ ሄድኩ። መጽሐፉን በጋዜጣ ለብደው ጠበቁኝ። ገንዘቡን ሰጥቼ ገለጥኩ፣ ገለጥኩ። የፎቶው ገጽ ከስፌቱ ሥር በምላጭ ተቆርጧል።

«ጋሼ፣ ፎቶው የታል?»

«ኧረ አታስብ!» አሉ ደስ ብሏቸው። «ትናንት ቆርጬ አቃጠልኩት። አንተ የመንግሥት ሠራተኛ ነህ፤ መንገድ ላይ ኬላ አለ፣ ቤትህም ይፈተሻል። የንጉሥ ፎቶ ይዘህ ብትገኝ ምን ይውጥሃል? እኔስ ሽማግሌ ነኝ።»

ምን ልበል? ልቆጣ? ለእኔ ብለው እኮ ነው! ለራሳቸው ያን ሁሉ ዓመት ያልፈሩትን ለእኔ ሲሉ ፈሩ። መደቡ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ያለ ምንም ኀፍረት አለቀስኩ። ያኔ የአባቴን ነገር ነገርኳቸው።

እጃቸውን አናታቸው ላይ ጫኑ። «ወዮ! ማል ጎና? ምን እናድርግ ልጄ? ምነው ቀድመህ ብትነግረኝ!»

«ከበሮ የያዘውን አይተውታል? ምን ይመስል ነበር?»

ፊቴን ትክ ብለው አዩት፤ ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ አገጬን።

«ቁርጥ አንተን» አሉ።

እንደዋሹኝ ዓይናቸው ይናገራል። ቢሆንም እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ቃላቸውን ተቀበልኩ። ሌላ ምን አለኝ?