ፀሐይ ላይ የዋለ ሞተር

ባሌ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ትራክተር ነድቶ፣ የራሱን ሳያስነሳ ሞተ። እኔ ዱባይ፣ ኡድ ሜታ ያለ ክሊኒክ እያጸዳሁ የማጠራቅመው ለዚያው ነበር። መርዶውን የሰማሁት በስልክ ነው፤ ቀብሩ ላይ አልቆምኩም። ከዚያ ወዲህ አንድ ሐሳብ ብቻ ያዘኝ፦ ሙት ዓመቱ ሳይደርስ ትራክተሩን ገዝቼ፣ ቪዛዬን አሰርዤ፣ አገሬ መግባት። የባሌ ወንድም ይነዳዋል፤ የሰዉን ማሳ እያረስን እንኖራለን። ያለ ትራክተሩ ብገባ ግን የምኖርበት የለኝም።

መቀመጥ አቃተኝ። አጅማን፣ አል ራሺዲያ በተከራየሁት ቤድ ስፔስ፣ ከሰው ጋር በምጋራው ክፍል ባለችኝ አንድ አልጋ፣ ጋደም እላለሁ፣ እነሳለሁ፣ እንደገና ጋደም እላለሁ። ከላይኛው አልጋ የምትተኛው ልጅ፣ «እትዬ፣ አልጋው ተንቀጠቀጠ፤ ትራክተሩ መጣ እንዴ?» ትለኛለች።

አንድ ነጋዴ ትራክተር አገኘልኝ፤ ከዴራ ዕቃ እየገዛ አገር ቤት የሚያስገባ የአካባቢዬ ሰው ነው። ቅዳሜ ቀትር ላይ ሻርጃ፣ ያገለገሉ ማሽኖች የሚሸጡበት ግቢ ይዞኝ ሄደ። ትራክተሩ ቀይ ነው፤ ትልቅም ትንሽም አይደል። ቀለሙ አዲስ፣ ጎማው ደህና። መሪውን ወዘወዝኩት፤ ብዙ አይላላም። የፍሬኑ መርገጫ ግን አልቆ ብረቱ ያብረቀርቃል፤ እስኪበቃው ሠርቷል ማለት ነው። ይህን ሁሉ ባሌ በስልክ ነግሮኛል፤ እኔ ከሥራ ደክሜ «እሺ፣ እሺ» እያልኩት። ደጋግሞ የሚለኝ ግን ይህን ነበር፦ «ሞተሩ ሳይነሳ በመዳፍሽ ንኪው። ከሞቀ ቀድመው አስነስተውታል። የደከመ ሞተር የሚታወቀው ቀዝቅዞ አድሮ ሲነሳ ነው።»

ነካሁት። አቃጠለኝ።

«አስነስታችሁታል» አልኩ።

«ዋላሂ ሲስተር፣ ማንም አልነካውም» አለ የግቢው ባለቤት፣ ጺሙን ሂና የተቀባ ሽማግሌ።

«ሌባ» አልኩ በአማርኛ። ቦርሳዬን አንስቼ ወደ በሩ አመራሁ።

«እህቴ» አለኝ ነጋዴው ከኋላዬ፣ «ነይማ ወንበሩንም ንኪው። እሱንም አስነስተውት ይሆናል።»

ተመልሼ ነካሁት። ያቃጥላል። የጎማው ብረት ያቃጥላል፣ የግቢው በር ያቃጥላል። ባሌ የደጋ ሰው ነው፤ የሚያውቀው ጠዋት ጠዋት እጅ የሚያደነዝዝ ብረት ነው። እኔም እንዳይጨነቅ ብዬ ስለዚህ አገር ሙቀት አልነገርኩትም ነበር።

«ነገ ፀሐይ ሳትወጣ እመጣለሁ» አልኩ።

«አገር ቤት የሚሄደው ኮንቴይነር እኮ ሰኞ ይዘጋል» አለ ነጋዴው። «ያላ፣ ወስኚና እንገላገል።»

«ስወስን ትገላገላለህ።»

ሽማግሌው ትከሻውን ነቅንቆ እሺ አለ። እዚህ ሴቱ ሁሉ ጥቁር ስለሚለብስ ሐዘን ላይ መሆኔን አላወቀም። ባያውቅ ይሻለኛል።

እሑድ ገና ሳይነጋ ታክሲ ይዤ ደረስኩ። ነጋዴው እያዛጋ መጣ። ብረቱ አድሮም ለብ እንዳለ ነበር። አሁን ግን ዘዴውን ስላወቅሁ ወንበሩን፣ የጎማውን ብረት፣ ሞተሩን እያፈራረቅሁ ነካሁ። እኩል ናቸው። ሽማግሌው አልዋሸም።

«ትናንት ሌባ ብዬሃለሁ» አልኩት ባለችኝ አረብኛ።

«ሰምቻለሁ።»

«በአማርኛ ነበር እኮ።»

«ፊትሽ ላይም ነበር» አለና ቁልፉን አዞረ።

ሞተሩ አጓራ፣ ጠፋ። ደግሞ አዞረ። እያሳለ እያሳለ ተነሳና ጭሱን ለቀቀው። «ጥቁር ሆኖ ከጠራ ግድ የለም» ይል ነበር ባሌ፤ «ሰማያዊ ሆኖ ከቆየ ዘይት እየበላ ነው፤ ትተሽው ሂጂ።» ጭሱ ሰማያዊ ነው። ግን ንጋት ነው፤ ግንቡም መሬቱም ሰማያዊ ይመስላል። የብርሃኑ ነገር ይሆናል አልኩ። እንዲሆን ፈልጌ ነበር። ትራክተሩ መርከብ ላይ ሲወጣ፣ እኔ ሻንጣዬን ይዤ መቃብሩ ዘንድ ስደርስ ታየኝ።

«አይጥፋ፣ ፀሐይዋ ትውጣ» አልኩ።

ሞተሩ እየሠራ ጠበቅን። እኔ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ፀሐይዋ ከመጋዘኑ ጣሪያ በላይ ወጣች፤ ግንቡ ነጣ፣ መሬቱ ቢጫ ሆነ። ጭሱ እንደዚያው ሰማያዊ ነው።

«ማፊ ሙሽኪላ፣» ችግር የለም አለ ሽማግሌው፣ ዓይኑን ከእኔ ላይ አንስቶ።

«አገር ቤት ይታደሳል፣ እህቴ» አለ ነጋዴው። «መካኒክ ሞልቷል።»

«የማምነው ሞቷል።»

ነጋዴው አቀርቅሮ በጫማው አሸዋውን ገፋ። «ኸላስ፣ በቃ በልልኝ» አልኩት።

ወደ አጅማን ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ለባሌ ወንድም ደወልኩ።

«አልገዛሁትም።»

«ለሙት ዓመቱስ?»

«እናንተው አውጡለት።»

«እትዬ፣ ሰው የት አለች ይላል።»

«ትራክተር እየፈለገች ነው በላቸዋ።»

«እንዴት ነበር ግን?» አለኝ። ስለ ጭሱ ነገርኩት። «እሱም አይገዛውም ነበር» አለ።

ሕንፃችን ሥር ስደርስ ገና ጥላ ነው። ከወረድኩ በኋላም እግሬ አልቆመልኝም፤ ወደ ላይ መውጣት አስጠላኝ። የቆሙትን መኪኖች መንካት ጀመርኩ፤ መጀመሪያ በሩን፣ ቀጥሎ የሞተሩን ክዳን። ዳቦ ልትገዛ የወረደችው የላይኛው አልጋ ልጅ አየችኝ።

«እትዬ፣ ምን ጠፍቶሽ ነው?»

«ይሄኛው ሞተሩ ትኩስ ነው፤ አሁን ነው የገባው» አልኳትና ወደሚቀጥለው መኪና አለፍኩ።