በወርቅ ቅብ ላይ የፎዚያ ስም

ከመተማ የወጣሁት ጀምበር ስትጠልቅ ነው። በጭነት መኪና ላይ፣ ጆንያ ተደግፌ፣ በልቤ ካርቱም ገብቼ ግጥም እየጻፍኩ እኖራለሁ እያልኩ። ካርቱም ግን ግጥም አልጠየቀችኝም፤ የጠየቀችኝ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ነው። ይህ ካርቱም ላይ ጦርነት ከመምጣቱ በፊት ነበር። የእኛ አገር ፀሐይ ከሰዓት በኋላ ትደክማለች፣ እናንተም ታውቃላችሁ። የካርቱሟ ግን ከጠለቀችም በኋላ ግድግዳው ውስጥ ቁጭ ብላ ትጠብቃችኋለች።

ጀሪፍ በሚባል የካርቱም ሰፈር ቤት ስፈልግ አከራይዋ ሐጃ በር ላይ አቆመችኝ።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«በብርሃን ወርቅ አቀልጣለሁ።»

«በቤቴ እሳት አይነድም።»

«እሳት የለውም፣ ሐጃ። ሥራውም እዚህ አይደለም፣ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ነው።»

«ያለ እሳት የሚቀልጥ ወርቅ?» ጠጋ ብላ አፌን አሸተተች። «አልጠጣህም። ግባ። እብድ ከሆንክ ግን ከአሁኑ ንገረኝ።»

እብድ አልነበርኩም። አሠሪዬ ዓም ኢድሪስ የሚባል ሱዳናዊ ሽማግሌ ነው፤ ያገለገለ የሌዘር ብርሃን ማሽን ገዝቶ ወርቅ በተቀባ የመስታወት ጌጥ ላይ ስም ይጽፋል። መስታወቱ ላይ የተቀባው ወርቅ እጅግ ስስ ነው። ኪስራ፣ የሱዳኖቹ እንጀራ፣ ከስስነቱ የተነሣ አጥግቦኝ አያውቅም፤ ከዚህ ወርቅ ጋር ሲተያይ ግን ኪስራ ፍራሽ ነው። የብርሃኑ ምት ደግሞ ገና መጣ ሳትሉት ሄዷል። የሰከንድን ቢሊዮንኛ ወስዳችሁ እሱኑ መልሳችሁ በሺህ ብትቆርሱት ነው። ሙቀቱ ወደ መስታወቱ ሳይሰርግ ወርቁ ይቀልጣል፣ የቀለጠው ወደ ላይ ይነፋል፣ መልሶ ሳይተኛም መስታወቱ ሙቀቱን ይጠጣውና እንደተነፋ ይደርቃል። አንዷ ጉብታ ለዓይን አትታይም። ብዙ ሲደረደሩ ግን በሚያበራው ወርቅ መሐል ደብዘዝ ያለ ፊደል ይነበባል።

አንድ ቀን ሰዓዳ መጣች። የወሎ ልጅ ናት፣ ካርቱም ሁለት ሰው ቤት ትሠራለች። ልጇን ፎዚያን ገና ድክ ድክ ስትል ለገዛ እናቷ ትታ ነው ከአገር የወጣችው። ልጅቱ አሁን «እማ» የምትለው አያቷን ነው፤ እሷን በስልክ «ሰዓዳ» ትላታለች፣ እንደ ጎረቤት። ሰዓዳ ከመሐረቧ የመዳፍ ያህል የወርቅ ቅብ መስታወት ፈታች። የእመቤቷ ጌጥ ሲሰበር የተረፈ ቁራጭ ነው፤ አገር የምትገባ ጓደኛዋ ታደርስላታለች።

«ስሟን ጻፍልኝ፣ ወንድምዓለም። እናቷ እኔ መሆኔን በእጇ ይዛ ታውቀው። ሌላ ቁራጭ የለኝም።»

«ኢንሻአላህ።»

«ኢንሻአላህ ያለኝ ሁሉ ነው ያበላሸብኝ። እሺ በለኝ።»

«እሺ።»

እኔ የፊደል እግር ወፈር ሲል ደስ ይለኛል። አገር ቤት የሱቅ ስም የሚጽፉ ሰዎች ብሩሹን በዚያው መስመር ይመላልሱት የለ? እኔም ለሙከራ ጥጉ ላይ የ«ፎ»ን እግር የማሽኑን ኃይል ቀንሼ፣ እያባበልኩ፣ ደጋግሜ ሄድኩበት። ወርቁ ተቀደደ። ባዶ መስታወት ብቅ አለ።

«ጨረስካት?» አለች ሰዓዳ።

«ጥጉን ብቻ ነው።»

«ጥጉም የእኔ ነበር።»

ዓም ኢድሪስ ሻዩን አስቀምጦ መጣ። «አንተ ሐበሻ፣ አንዴ የተነፋውን ወርቅ መልሰህ ከመታኸው ይፈነዳል። ምታና እለፍ። መወፈር ካማረህ አጠገቡ ሌላ ነጥብ ጨምር።»

ኃይሉን ወደነበረበት መለስኩ። መሐሉ ላይ፣ ነጥብ ከነጥብ ሳላነካካ፣ እያንዳንዱን አንዴ ብቻ እየመታሁ ጨረስኩ። ሰዓዳ አዘንብላ አየችው፣ አቅንታ አየችው። «ፎዚያ» አለች፣ ልክ የተኛ ልጅ እንደምትቀሰቅስ።

ጓደኛዋ እስክትሄድ መታገሥ አቃታት። እዚያው ሱቁ በር ላይ፣ የሚኒባስ ረዳቶች «ያላ፣ ያላ» በሚሉበት ግርግር፣ በቪዲዮ ደወለች። ልጅቱ ስልኩ ላይ ብቅ ስትል መስታወቱን ከራሷ ፊት ለፊት ከፍ አድርጋ ያዘችው።

«አየሽው? ስምሽ ነው። ወርቅ ነው።»

ልጅቱ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች።

«ሰዓዳ» አለች፣ «ዝቅ አርጊው። ፊትሽን ሸፈነው።»