የደንበኛው ሰንጢ

ወንድሜ ማረፉን የሰማሁት ሸሚዝ ስተኩስ ነው። ሚስቱ ደውላ «ወንድምህ አረፈ» አለችኝ። ካውያውን ነቀልኩና አንድ እጅጌ ሳይተኮስ ለብሼው ሄድኩ።

ታላቄ ነበር። ሠላሳ ዓመት ቢላና መቀስ ሲስል ኖረ። ስለቱን በግራ ክንዱ ጸጉር ስለሚሞክር ያ ክንዱ እንደ ሕፃን ክንድ ልሙጥ ነበር። ሰፈሩ «ምላጭ» ይለዋል።

አንድ ጊዜ ከውጭ አገር ስመለስ፣ ቁልፉን ሲጫኑት በሞላ ተስፈንጥሮ የሚከፈት ሰንጢ ካልሲ ውስጥ ጠቅልዬ አስገባሁ። እንዲህ ያለውን ማስገባትም መያዝም ሕግ እንደሚከለክል አውቅ ነበር። ማማሩ አታለለኝ።

«ይሄ ነገር ክልክል አይደለም እንዴ?» አለኝ ምላጭ።

«ማን ያያል ጋሼ? ሳልልኝና እወስደዋለሁ።»

«ሽንኩርት መክተፍ ያቃተህ ሰውዬ፣ ምን ልታደርግበት ነው?» እየሳቀ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

በሳምንቱ፣ የሚስቴን የልብስ መቀስ ጭምር ይዤ ስሄድ፣ ሁለት ተቆጣጣሪዎች ሱቁን ሲፈትሹ ደረስኩ። ሰንጢው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«የማን ነው?»

«የደንበኛ» አለ ወንድሜ።

«ስሙስ?»

«እኔ ስለት ነው የማየው፣ መታወቂያ አላይም።»

አንደኛው ወደ እኔ ዞረ። «አንተስ?»

«እኔማ መቀስ ላሠራ ነው የመጣሁት።»

ወንድሜ መቀሱን ተቀበለኝ። «ነገ ይደርስልዎታል» አለኝ። ዕድሜውን በሙሉ አንቱ ብሎኝ አያውቅም።

ሱቁ ታሸገ፤ የሥራ ፈቃዱም ተነጠቀ። መቀሱን ቤቱ ስሎ ላከልኝ። የሰንጢው ባለቤት በስድስት ወር ውስጥ ቀርቦ የእኔ ነው ብሎ ከፈረመ ፈቃዱ ይመለሳል ተብሎ ነበር። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ፈራሁ። ሰኞ እሄዳለሁ፣ ሰኞ እሄዳለሁ ስል ስድስት ወሩ አለፈ።

ወንድሜ ሆቴል ወጥ ቤት ገብቶ ሳህን አጣቢ ሆነ። አንድም ቀን አላነሳብኝም። ሚስቱ ግን እነሱ ቤት በበላሁ ቁጥር ያንን ደንበኛ ትረግማለች።

«እህል አይለፍለት» ስትል፣ እሱ «ተይው እባክሽ፣ ጨንቆት ይሆናል» ይልና ሳህኔ ላይ ይጨምርልኛል። እኔም እበላለሁ።

በቀብሩ ማግስት ጠራችኝ። «ያንን ሰውዬ ፈልግልኝ። ምንም አልለውም፤ ወንድምህ መሞቱን ይወቅ ብቻ» አለችኝ።

«እሺ» አልኳት።

ይህን ካለችኝ ሦስት ሳምንት ሆነ። እኔ መሆኔን እስካሁን አልነገርኳትም።